ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

ትናንት ተኝቼ የጅማን መንገድ ስነዳ አደርኩ። ሕልሙ የጀመረው ሰበታን እንዳለፍኩ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ በር ላይ ነው። ጊዜው ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ማደያው በር ላይ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። «ሰው የለም» ይላል። ከማስታወቂያው ሥር ጀምሮ ዓይኔ እስከሚያይበት ድረስ የናፍጣ መኪኖች ተሰልፈዋል። የጭነት መኪና አለ፣ ሚኒባስ አለ፣ ፒክአፕ አለ፣ ተሳቢውን ከኋላው አስተኝቶ የሚያንቀላፋ ከባድ መኪና አለ። ሁሉም ሞተራቸውን አጥፍተው ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚሁ ነን» አለኝ ቀለሙ የተላጠ ሰማያዊ የጭነት መኪና። በዚያ ዓለም የናፍጣ መኪኖች የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ ጆሮዬን ወደ ራዲያተሩ ማስጠጋት ነበረብኝ። «አንድ እንኳ አላገኘንም። ነገ ይገባል ይላሉ።»

«ምኑ ነው የሚገባው?»

«ሰው ነዋ።»

ከሱ ቀጥሎ ሆዱ ድረስ ናፍጣ የተሞላ ቦቴ ቆሟል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ የምታውቀው ሰው ካለህ ተባበረኝ» አለኝ። «አንድ ይበቃኛል። ቀጭንም ቢሆን ግድ የለኝም።»

አዘንኩለት። ማንን ልጠራለት እንደምችል ሳስብ ቆየሁ። ከዚያ ሚኒባሱ መብራቱን አበራብኝና አፈጠጠ።

«እናንተ!» አለ። «ይሄ ራሱ ሰው አይደለም እንዴ?»

ሰልፉ ተበተነ። ሁሉም ተንጋግተው ከበቡኝ። ሚኒባሱ በሩን ከፍቶ፣ «ግባ፣ ግባ፣ አንድ ሰው የቀረው!» አለኝ። ወደ ውስጥ አየሁ፤ ባዶ ነው። የጭነት መኪናው እኔን ቀድሞ ያናገረኝ እሱ ስለሆነ የሱ እንደሆንኩ ይከራከራል። እኔ እንኳን በመኪና፣ በሰውም ስከበብ አልወድም። ጫማዬን እያየሁ ቆምኩ።

ያኔ ነው መኪናዬ የመጣችው።

መኪናዬ ትንሽ ነጭ ናት፤ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው። በእውኑ ዓለም ድምፅ የላትም። ጎረቤቴን ሁለት ጊዜ ከኋላው ደርሼበት አስደንግጬዋለሁ። በሕልሜ ግን ከሩቅ እያጓራች መጣች። የማደያው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ቦቴው ጎማውን ሰብስቦ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ምን ዓይነት ስድ ናት!» አለ ሰማያዊው የጭነት መኪና በሹክሹክታ።

ዘልዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሁልጊዜ የባትሪው መጠን የሚታይበት ቦታ ላይ ሌላ ጽሑፍ አለ። «ድምፅ፦ መቶ ከመቶ» ይላል። ሳየው እንባዬ መጣ። «አሁን ይሰማኛል» አልኩ ለብቻዬ።

የሚሰማኝ አባቴ ነው።

አባቴ ጋሽ አሰግድ ከአዲስ አበባ ጅማ ሠላሳ አንድ ዓመት የናፍጣ አውቶቡስ ነድቷል። ቤታችን አሰንዳቦ ነው፤ ጅማ ለመግባት አምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ መንገድ ዳር። አባቴ ተሳፋሪ ጭኖ የራሱ ቤት በር ላይ መቆም ነውር ይመስለው ነበር፤ ስለዚህ አይቆምም። ከቤታችን በታች ያለው ድልድይ ላይ ሲደርስ ግን ክላክስ ያደርጋል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እናቴ በሕይወት ሳለች ያንን ስትሰማ ምሳውን በጨርቅ ቋጥራ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ትቆማለች። እሱ ማርሽ ይቀንስና እጁን በመስኮት አውጥቶ ቋጠሮውን ይቀበላታል። እኔ ከቀሚሷ ኋላ ቆሜ አያለሁ። ፊቱን የሚያሳየኝ ቁመት አልነበረኝም። ለብዙ ጊዜ አባቴ ማለት ለእኔ ከመስኮት የወጣ እጅ ነበር።

ሁለቱን አጭር ማንም ሹፌር ያደርጋቸዋል፤ ለከብትም፣ ለወዳጅም። ረጅሟ ግን የአባቴ ነበረች።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ዓይኖቹ ቀስ በቀስ ደከሙ። «ሳይብስብህ እመጣለሁ» አልኩት። ባሰበት። «ጨርሶ ሳይጠፉ እመጣለሁ» አልኩት። ጠፉ። አሁን ከቤቱ አጠገብ ያለው ጎማ ጠጋኝ፣ ነዚፍ፣ ሱቁ በር ላይ ወንበር ያወጣለታል። አባቴ እዚያ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለያል። «የዚህ ሦስተኛው ኖዝል ናፍጣ አይረጭም» ይላል። «ያ ደግሞ ጭነቱ ወደ ቀኝ አድልቷል፤ ሶኮሩ ሳይደርስ ይታሰር።» ነዚፍ ሮጦ ያስቆማቸዋል። አባቴ ተሳስቶ አያውቅም ይባላል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ከቤቴ እስከ ሥራዬ ደርሶ መልስ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ መንገድ መኪናዬን የሚወዳደራት የለም። ሌሎች ናፍጣ ለመቅዳት ከንጋት ጀምረው ሲሰለፉ እኔ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ አልፋቸዋለሁ፤ ብቸኛው ትዕቢቴ ይኼ ነው። አሰንዳቦ ግን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የሸጠልኝ ሰው አንዴ ከተሞላች ሦስት መቶ ትሄዳለች ብሎኛል። እኔ ሁለት መቶ ሠላሳ አይቻለሁ፤ ያውም ሜዳ ላይ። አባቴ ጋ ከመድረሴ በፊት ደግሞ የጊቤ ሸለቆ አለ።

እንደገዛኋት በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ።

«ናፍጣ ቢያልቅብህ በጀሪካን ታመጣለህ» አለኝ። «መብራት ሲያልቅብህስ በምን ልታመጣ ነው? በሰፌድ?»

«ጭስ የላትም አባዬ። ድምፅም የላትም።»

«ታዲያ መኪና መሆኗን በምን አወቅክ?»

ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «ብቻ በሰው መኪና ተሳፍረህ እንዳትመጣብኝ» አለ። «የሹፌር ልጅ ነህ። መሪ ይዘህ ና። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ክላክሷን አድርጋት። ሰምቼ ልወቅህ።»

ይህን ካለኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። «እሑድ እመጣለሁ» ያልኩት አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ባትሪው ምክንያት ነው፤ ግን ምክንያቱ ባትሪው ብቻ አይደለም። የማያዩኝን ዓይኖች ምን ብዬ እንደማያቸው አላውቅም።

በሕልሜ ግን መኪናዬ ድምፅ አውጥታለች። ባትሪዋ አያልቅም። የሚያልቀው ድምፁ ነው፤ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ አንድ ይቀንሳል። ጸጥ ሳትል አሰንዳቦ መድረስ ነበረብኝ።

ቱሉ ቦሎ አካባቢ አንድ ትራፊክ ፖሊስ በእግሩ እየሮጠ ተከተለኝ። ፊሽካውን አፉ ውስጥ አድርጎ ያለቅሳል። ቆምኩለት።

«እባክህ ቅጣኝ» አለኝ።

«ምን አጥፍተህ?»

«ቆሜ ነበር።»

«መቆም ጥፋት ነው እንዴ?»

«አንተ አሽከርካሪ ነህ፤ የምታውቀው አንተ ነህ» አለ። እኔ ሰው መቅጣት እንደማልችል ነገርኩት። «ቢያንስ መንጃ ፈቃዴን ያዝልኝ» ብሎ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተተውና ቀለል ብሎት እየዘለለ ተመለሰ።

ድምፁ ሃምሳ አምስት ላይ ሲደርስ ወሊሶ ገባሁ። ወሊሶ ውስጥ ድምፅ መሙያ ጣቢያ አለ። ኃላፊዋ እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ሁለቱም ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከተዋል።

«ቀርፋፋው ይሁንልህ ፈጣኑ?» አሉኝ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው እትዬ?»

«ቀርፋፋው እሹሩሩ ነው። ስምንት ሰዓት ይፈጃል፤ ከሞላ ግን በቀላሉ አያልቅም። ፈጣኑ ስድብ ነው። ሃያ ደቂቃ።»

ስምንት ሰዓት የሚዘፈንልኝን እሹሩሩ አሰብኩት። ጎኔን ሳሳርፍ ታየኝ። «አባቴ እየጠበቀኝ ነው» አልኩ።

«ስድብ በላ!» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ።

ሦስት ተራ አስከባሪዎች መጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ለመኪናዬ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ትልቁ፣ «ይቅርታ ይደረግልን» አለና ጀመሩ።

«አንቺ የሻይ ማፍያ!»

«ጎማ ያበቀለች ካውያ!»

«እናትሽ ፍሪጅ፣ አባትሽ ቆጣሪ!»

መኪናዬ በእያንዳንዱ ስድብ ትንቀጠቀጣለች። ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሦስት። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ከዚያ ሦስተኛው፣ እስካሁን ብዙም ያልተናገረው፣ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «ሰው ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ እየጠበቀህ ባትሪ የምትቆጥር!»

ቁጥሩ ከስልሳ ሦስት ዘጠና ሦስት ላይ ዘለለ።

እትዬ ጥሩወርቅ ገመዱን እየነቀሉ፣ «አይክፋህ» አሉኝ። «እውነት ሲሆን ቶሎ ነው የሚሞላው።»

ሦስተኛው ልጅ ኮፍያውን መልሶ አደረገና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አመስግኜው ሄድኩ።

ወልቂጤን አለፍኩ። የጊቤን ሸለቆ ስወርድ ቁጥሩ ወደ ላይ ይቆጥር ጀመር፤ ቁልቁለት ድምፅ ይመልሳል። በየጠመዝማዛው መኪናዬ ጉሮሮዋን እየሞላች ወረደች። ከታች ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ እነዚያ የከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ የብረት ምሰሶዎች፣ ሽቦውን በትከሻቸው አንግተው፣ አንድ በአንድ ተከታትለው ዳገቱን ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። በረጅም እግራቸው አስፋልቱን እየተሻገሩ ሲያልፉ አንዱን ጠራሁት።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ይሰጡኛል? መንገድ ይቀረኛል።»

ቆመና ከላይ ወደ ታች አየኝ። «ይኼ ለአዲስ አበባ ነው።»

«እኔም ከአዲስ አበባ ነኝ።»

«እንግዲያው ተመለስና እዚያ ውሰድ።»

«እዚያማ ብዙ ጊዜ የለም።»

«የለም?» አለ ተገርሞ። ከኋላው የሚመጣውን ምሰሶ ዞሮ፣ «የለም ይላል» አለው። ያኛውም ከኋላው ላለው ነገረ። ወሬው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየተላለፈ ቁልቁል ሄደ። አንዳቸውም ግን አላቆሙም። «እኛ እንደሆነ ተሸክመናል» አለኝና እግሩን አንሥቶ አለፈ።

ከጊቤ ድልድይ ወዲያ ዳገቱ ጀመረ። ቁልቁለቱ የሰጠኝን ዳገቱ አንድ በአንድ ይለቅማል። አምሳ ሲል አየሁት፣ አርባ አምስት ሲል አየሁት። ወደ አናቱ ስቃረብ መንገዱ በሰው ተዘጋ። አርባ አምስት ተሳፋሪዎች አንድ አውቶቡስ በትከሻቸው ተሸክመው ይወጣሉ። ሻንጣቸውን አውቶቡሱ ውስጥ አስቀምጠዋል።

«ቀስ! ወገቤን!» ይላል አውቶቡሱ።

«ዝም በል እንጂ» አለ ከፊት በኩል የያዘ ጎልማሳ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክመኸን የለም? ተራችን ነው።»

ኋላው ላይ በቢጫ ቀለም «ቤት አለኝ» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ ያስጻፈው ነው። ይህ አውቶቡስ አባቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ተቆራርጦ ብረቱ ብረት፣ መስታወቱ መስታወት ሆኗል፤ አውቃለሁ። ሕልሙ ውስጥም አውቅ ነበር። ነውር እንዳይሆን አላነሣሁበትም። ወርጄ አጠገቡ መሄድ ጀመርኩ።

«የአሰግድ ልጅ አይደለህም?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ከመንገድ ዳር የምትቆመው! አድገሃል። እሱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ዓይኑስ? መጨረሻ ላይ የመንገድ ምልክቶቹን በኔ ነበር የሚያነባቸው። አልነገርኩበትም።»

«ጠፍተዋል።»

የፊት መብራቶቹን አጠፋ። ተሳፋሪዎቹ ቆመው አረፉ። ጎልማሳው ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«ማርሽ ከመቀየሩ በፊት መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር» አለ አውቶቡሱ። «ሌሎቹ አይጠርጉም። በላባቸው ነው የሚጨብጡኝ። እኔ ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላው ነው የምሆነው። የማውቀው እጁን ብቻ ነው።»

«እኔም» አልኩ።

ካገኘኋቸው ሁሉ በጣም የተግባባሁት ከሱ ጋር ነው።

«ልታደርጋት ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ልሞክር ነው።»

«ስማ። አጭሯ አንድ አንድ ትበላለች። ረጅሟ አምስት። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ሰባት ይኑርህ። ከሰባት ካነሰ ግን መሃል ላይ ትቀራለች፤ አሰግድ ደግሞ ግማሿን አያውቃትም።»

ተሳፋሪዎቹ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሆፕ!» ብለው እንደገና አነሡት። ትከሻዬን ከሥሩ አድርጌ ሃያ እርምጃ ያህል አብሬያቸው ተሸከምኩ። ከዚያ ተሰናብቼ ነዳሁ።

አሰንዳቦ ለመድረስ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ድምፁ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ጥግ ይዤ አሰላሁ። ለመንገዱ ሰባት። ለክላክሱ ሰባት። አምስት ይተርፈኛል። አምስት ማለት አንድ ረጅም ናት።

እኔ አራሚ ነኝ። አንድ ጽሑፍ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ጮክ ብዬ ካላነበብኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ያቺን ድምፅ በሕይወቴ አድርጌያት አላውቅም፤ ስሰማት ብቻ ነው የኖርኩት። ብትበላሽብኝስ? ብታጥርብኝስ? አንዴ ልሞክራት አልኩ።

ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም አልነበረም። መሪው መሃል ላይ መዳፌን አስቀመጥኩ። ከማስቀመጤ በፊት ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት።

በትክክል ወጣች። ያቺው ራሷ ናት። ማሳው ላይ ሄደች፣ ከኮረብታው ደረሰች፣ ተመለሰች። አንድ ላም ቀና ብላ አየችኝ። ከላሟ በቀር የሰማኝ አልነበረም። ተደስቼ አሥራ አራት ይዤ ተነሣሁ።

ከድልድዩ በፊት ያለውን ዳገት ረስቼው ነበር።

በልጅነቴ በእግሬ እየሮጥኩ የምወጣው ዳገት ስለሆነ ዳገት አልመሰለኝም ነበር። መኪናዬ ግን ታውቀዋለች። ዘጠኝ፣ ሰባት፣ አምስት። ማጓራቷ ወደ ማጉረምረም፣ ማጉረምረሟ ወደ ማቃሰት ወረደ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ሁለት ቀርቷል።

አባቴ ከማዶ ይታየኛል። ወንበሩን አስፋልቱ መሃል ላይ አድርጎ ተቀምጧል። መኪኖቹ አጠገቡ ሲደርሱ ወርደው በእግራቸው ጫፍ ይዞሩታል። ነዚፍ ከጎኑ ተቀምጦ የእግረኞችን ተረከዝ በአየር ይሞላል። አባቴ ቀኝ ጆሮውን ወደ አዲስ አበባ አዙሯል።

መዳፌን መሪው ላይ ጫንኩ። አንድ አጭር። ሁለተኛ አጭር።

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ጉልበቱን እንዳጠፈ፣ ሁለት እጁን የወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዳደረገ ቀረ። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ነዚፍ አየር መሙያውን አቆመ። መኪኖቹ ቆሙ። ሁሉም ረጅሟን ይጠብቃሉ።

ተጫንኩ። ምንም የለም። በሁለት እጄ ተጫንኩ። በደረቴ ተጫንኩ። ጽሑፉ «ድምፅ፦ ዜሮ» ይላል።

በሩን ከፍቼ ሮጥኩ። ፊቱ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን በሙሉ፣ እንደፈለግኩ፣ ሳልፈራ አየሁት። ሽበቱ ቅንድቡ ላይ ወርዷል። ጉንጩ ላይ ነዚፍ ሲላጨው የሳታት አንዲት ጠጉር አለች። «አባዬ!» አልኩ። ከአፌ የወጣው ግን ያ የመኪናዬ የእውኑ ድምፅ ነው፤ ሽው የሚል፣ በር በዝግታ ሲዘጋ የሚሰማ ዓይነት ነገር።

አባቴ አዳመጠ። አንገቱን አዘነበለ።

«ረጅሟስ?» አለ።

እንደገና ጠራሁት፤ ያው ሽው የሚል ብቻ ወጣ።

«ሌላ ሰው ነው» አለና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ወንበሩ መደገፊያ ላይ ያለውን እጁን አየሁት። ያ እጅ ነው። ምንም አልተለወጠም። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ። አንድ ጣት ያህል ሲቀረኝ ረጅሟ መጣች።

ከየት እንደመጣች አላወቅኩም። ረጅም ናት፣ አታቋርጥም፣ መጣች፣ መጣች፣ ወንበሩንም መንገዱንም ይዛቸው ሄደች፤ ዓይኔን ስገልጥ ትራሴ ሥር ስልኬ ይጮኻል።

ነግቷል። እሑድ ነው፤ አሥራ ሁለተኛው እሑድ። ከክፍሌ በመስኮት ወደ ግቢው የዘረጋሁት ገመድ ጫፍ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጠፍታለች። ኮርኒሱ ላይ ያለውን አምፖል ሞከርኩት፤ የለም። ሌሊቱን መብራት ሄዷል። ስልኬ ላይ ከመኪናዬ የተላከ መልእክት አለ። «ቻርጅ ተቋርጧል። ባትሪ፦ ሰባት ከመቶ።» ከመልእክቱ በታች የአባቴ ስም ይበራል ይጠፋል። አነሣሁት።

«ኪሩ፣ የት ደረስክ?»

«አባዬ፣ በዚህ ጠዋት ምን አስነሣህ?»

«ከነጋ ነዚፍ በር ላይ ነኝ። ዛሬ አይደል የምትመጣው? እኔ እኮ ድምፅ የላትም ስትለኝ ነገሩን አሰብኩበት። የሌሎቹን ድምፃቸውን አውቃለሁ፤ እነሱን ስሰማ አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ስለዚህ አሁን የማዳምጠው ጸጥታውን ነው። መንገዱ ጸጥ ባለ ቁጥር አንተ የደረስክ እየመሰለኝ እነሣለሁ። ነዚፍ ይስቅብኛል። ዛሬ እንኳ አራት ጊዜ ተነሥቻለሁ።»

«አምስት ነው ጋሼ!» የሚል የነዚፍ ድምፅ ከጀርባው ተሰማ።

«እሺ፣ አምስት ጊዜ።»

መብራት ሌሊቱን እንደሄደ ልነግረው ነበር። ሰባት ከመቶ እንደቀረኝ፣ በሰባት ከመቶ ሰበታም እንደማልደርስ ልነግረው ነበር። መነኻሪያ ሄጄ ተሳፍሬ ልምጣ ወይ ልለው ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ አንዱም አልወጣ አለኝ። ገመዱን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

በስልኩ ውስጥ መንገዳቸው ይሰማል። አንድ የናፍጣ መኪና እየከበደ መጣ፣ አለፈ፣ ራቀ። ከዚያ ምንም የለም። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ጸጥ አልክ» አለ አባቴ። «ደረስክ እንዴ?»